እናቲቱን ሳናሸማቅቅ ልጁን መርዳት፦ በጽንስ ጊዜ አልኮል የጎዳቸውን ልጆችና ቤተሰቦች ለሚደግፉ ሠራተኞች

ይህን የምጽፈው ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ለአዋላጅ ነርስ፣ ለማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ለመምህርና በሕፃናት ማሳደጊያ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። እናት እርጉዝ ሳለች የጠጣችው አልኮል የጽንሱን አእምሮ ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኤፍኤኤስዲ ይባላል፤ እኔም እዚህ በዚሁ ስም እጠራዋለሁ። በእጃችሁ ካሉት ልጆች መካከል ይህ ችግር ያለበት ሊኖር ይችላል። ስሙን የሚያውቅለት ሰው ግን ላይኖር ይችላል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚቆመው ከእናቲቱ ጋር በምታደርጉት የመጀመሪያ ንግግር ላይ ነው። ካሸማቀቅናት "ጠጥቼ አላውቅም" ትለናለች። ያኔ ሐኪሙ የሚያስፈልገውን ማስረጃ ያጣል። ልጁም "ሰነፍ"፣ "ውሸታም"፣ "ባለጌ" እየተባለ ያድጋል። ስለዚህ ለእናቲቱ ክብር መስጠት የሥራው ዋና ክፍል ነው።

ደረጃ 1፦ ነገሩን በልኩ ማወቅ

እናት የጠጣችው አልኮል በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ጽንሱ ጋ ይደርሳል። የጽንሱ ጉበት ገና ስላልጠነከረ አልኮሉን እንደ እናቱ ቶሎ ማስወገድ አይችልም። አእምሮ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንስቶ እስከ መውለጃው ቀን ድረስ እያደገ ይቆያል። "ከሦስት ወር ካለፈ ችግር የለውም" የሚባለው ለዚህ ነው ልክ ያልሆነው። በእርግዝና ጊዜ ጉዳት እንደማያደርስ የተረጋገጠ የአልኮል መጠን የለም።

ይህ ማለት ግን የጠጣች እናት ሁሉ የተጎዳ ልጅ ትወልዳለች ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት በእርግዝና ጊዜ አልኮል ከጠጡ 13 ሴቶች አንዷ ኤፍኤኤስዲ ያለበት ልጅ እንደምትወልድ ይገምታል። መጠኑ፣ ጊዜው፣ የእናቲቱ አመጋገብና ጤና ልዩነት ያመጣሉ። ይህን ቁጥር ያዙት። የፈራች እናት ስትጠይቃችሁ ሳትዋሹ፣ ሳታስደነግጡም መመለስ ትችላላችሁ።

ችግሩ ተላላፊ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። ኤፍኤኤስዲ ያለባት ሴት በእርግዝናዋ ካልጠጣች ችግሩ ወደ ልጇ አይሄድም። የሚያድነው መድኃኒት የለም። እንቅልፍን፣ የሚጥል በሽታን ወይም ትኩረት ማጣትን የሚረዱ መድኃኒቶች ግን አሉ።

ሕክምናው ዓለም ነገሩን በጽሑፍ ካወቀው ያን ያህል አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1968 ፈረንሳያዊው ሐኪም ፖል ሌምዋን ከባልደረቦቻቸው ጋር በናንት ከተማ ያዩአቸውን 127 ልጆች ጉዳይ ጻፉ። በ1973 አሜሪካውያኑ ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ በሲያትል ስም ሰጡት። ለእኛ ሥራ የሚበልጠው ግን እዚያው ሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ በ1996 የወጣው ጥናት ነው። ችግራቸው 6 ዓመት ሳይሞላቸው የታወቀላቸው፣ በተረጋጋና በሚወዳቸው ቤት ያደጉ፣ ጥቃት ያልደረሰባቸው ልጆች ሲያድጉ ከሌሎቹ በተሻለ ሁኔታ ይገኛሉ። ከትምህርት መባረሩ፣ ከፖሊስ ጋር መጋጨቱ፣ ሱሱ ይቀንሳል። እነዚህን ነገሮች ደግሞ ሰው ሊለውጣቸው ይችላል።

ደረጃ 2፦ ስለ መጠጥ መጠየቅ

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

"አልኮል ትጠጫለሽ?" ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ "ኧረ በፍጹም" ነው፤ እናቲቱም አልዋሸችም። በብዙ ቤት አልኮል ማለት አረቄና ቢራ ነው። ጠላ ምግብ ነው፤ ጠላ የበዓል ነው፤ ጠላ ጥም ይቆርጣል። በአንዳንድ አካባቢ ቦርዴ ወተት እንዲጨምርላት ተብሎ ለአራስ ይሰጣል። ስለዚህ መጠጦቹን በየስማቸው ጥሩ። ጠላ? ጠጅ? አረቄ? ቢራ? ኮረፌ? ቦርዴ? ድራፍት? ወይን? በአካባቢያችሁ ሌላ ካለ እሱንም ጨምሩ።

መጠኑን ደግሞ በሊትር ሳይሆን በዕቃው ጠይቁ። በጣሳ፣ በብርሌ፣ በመለኪያ፣ በጠርሙስ። ቆይታችሁ ራሳችሁ ታሰሉታላችሁ። 330 ሚሊ ሊትር የሆነ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለው። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጣሳ ጠላ 4 በመቶ ቢሆን ወደ 16 ግራም ይጠጋል። 40 ሚሊ ሊትር የሆነች መለኪያ አረቄ 40 በመቶ ብትሆን 13 ግራም አካባቢ ናት። የቤት ጠላ ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይ ስሌቱ ግምት ነው። ግን አንድ ጣሳ ጠላ ከአንድ ቢራ ሊበልጥ እንደሚችል ያሳያል። ይህን ለእናቲቱ በዕቃዋ ብታሳዩአት ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ጊዜውን በኑሮዋ ጠይቁ። የገበያ ቀን፣ የማኅበር ቀን፣ ተዝካር፣ ሠርግ፣ በዓል። ከሁሉ በላይ እርጉዝ መሆኗን ያላወቀችባቸውን ሳምንታት አትርሱ። ብዙ ሴቶች እንዳወቁ ያቆማሉ፤ ከዚያ በፊት ስለነበረው ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

ብቻዋን አግኟት። አማት ወይም ባል አጠገቧ ካሉ እውነቱን አትጠብቁ። "እማማ፣ ክብደቷን ልመዝናት ነው፤ ትንሽ ብቻችንን ይተዉን" ማለት ይበቃል። ለታላቅ ሴት "እርስዎ" በሉ፤ ለእኩያ "አንቺ" ይሻላል፤ ያቀራርባል። ከዚያ እንዲህ ጀምሩ፦

"ይህን የምጠይቅሽ ለክትትል የሚመጡ እናቶችን ሁሉ ስለምጠይቅ ነው። የምትነግሪኝ ለአንቺና ለልጅሽ ሕክምና ነው፤ ጎረቤት አይሰማውም። እርጉዝ መሆንሽን ያወቅሽው በስንተኛው ወር ነው? እስከዚያ ድረስ በበዓሉም በማኅበሩም እንደ ድሮው ትጠጪ ነበር?"

"ሁሉንም እጠይቃለሁ" ስትሉ እውነት ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ እርጉዝ ሴት ስለ አልኮል እንድትጠየቅ ይመክራል። ያውም በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሳይሆን በየክትትሉ። ሃይማኖቷን፣ አለባበሷን፣ ትምህርቷን አይታችሁ "እሷ አትጠጣም" አትበሉ። "እሷማ ትጠጣለች" ብሎ መገመትም ያው ነው።

ስትነግራችሁ ፊታችሁ ይጠንቀቅ። "ውይ!" የለም፤ ከንፈር መምጠጥ የለም። የመጀመሪያው ቃላችሁ "ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ" ይሁን። ቀጥሎ "ዛሬ ብታቆሚ ለልጅሽ ይጠቅመዋል፤ አእምሮው ገና እያደገ ነው" በሏት። እውነት ነው፤ በየትኛውም ወር ማቆም ይጠቅማል።

ከዚያ "አትጠጪ" ብላችሁ አትሂዱ። እንዴት እንደምታቆም አብራችሁ አስቡ። ድግስ ላይ "እምቢ" ማለት ለሴት ቀላል አይደለም። በተለይ እርግዝናዋን ገና ያልተናገረች እንደሆነ ጣሳውን መመለስ ምስጢሯን ያወጣባታል። "መድኃኒት ጀምሬያለሁ" ትበል። የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብል እየወሰደች ከሆነ ውሸት አይደለም። በጣሳው ፋንታ ተልባ፣ የሱፍ ውሃ፣ በሶ፣ ወይም ሳይፈላ የሚጠጣ ብርዝ ይቅረብላት። ለአራሷ ደግሞ አጥሚት አለ።

ጠላ ጠምቃ ወይም አረቄ አውጥታ የምታድር ሴት ከሆነች "ተዪው" ማለት "አትብዪ" እንደማለት ነው። ቢያንስ ቅምሻውን ሌላ ሰው ይያዝላት። ጎን ለጎን በቀበሌው ስላለ የሥራ ድጋፍ ጠይቁላት።

ባልየውንም አነጋግሩ። ቤት ውስጥ በየማታው የሚጠጣ ሰው እያለ እሷ ብቻዋን ማቆም ይከብዳታል። "እስክትወልድ አብረሃት አቁም" የሚለውን ሐሳብ የሚቀበሉ ባሎች አሉ። ቤተሰቡ ኦርቶዶክስ ከሆነና እሷ ከፈቀደች የንስሐ አባቷ ትልቅ አጋዥ ሊሆኑ ይችላሉ። በማኅበሩ ላይ "ለእርጉዝ ጠላ አትቅዱ" ቢሉ እኛ በዓመት የማንሠራውን ይሠራሉ። ምስጢሯን ግን ለእሳቸውም ቢሆን ያለ ፈቃዷ አትናገሩ። የምትደበደብ ከሆነ ደግሞ መጠጡ ሁለተኛ ጉዳይ ነው፤ መጀመሪያ ደኅንነቷ ይታይ።

ደረጃ 3፦ በየቀኑ በብዛት የምትጠጣ እናት

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጠዋት ስትነሳ እጇ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልባት፣ ሳትጠጣ ቀኑን መጀመር የማትችል ከሆነች "ዛሬውኑ ቤትሽ ሆነሽ አቁሚ" አትበሏት። በድንገት ሲቆም ሰውነቷ ሊንቀጠቀጥ፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥላት፣ አእምሮዋ ሊስት ይችላል። ለእሷም ለጽንሱም ሕይወት አስጊ ነው። በሐኪም ክትትል፣ ተኝታ ታቁም። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ላኳት፤ ቢቻል ሰው አብሯት ይሂድ። የሪፈር ወረቀቱ ላይ ከመጨረሻው መጠጥ ጀምሮ ስንት ሰዓት እንዳለፈ ጻፉ። አዲስ አበባና አካባቢዋ ላላችሁ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ሌላ ቦታ በቅርብ ያለው የአእምሮ ጤና ክፍል ያለው ሆስፒታል ይሁን።

ደረጃ 4፦ ልጁን ማየት

ፊቱን ብቻ አይታችሁ ስም አትስጡት። በከፍተኛው የችግሩ ዓይነት ላይ የሚታወቁ ሦስት የፊት ምልክቶች አሉ። የዓይን ክፍተት ማጠር፣ ከአፍንጫ ሥር እስከ ከንፈር ያለው ጎድጓዳ መስመር መለስለስ፣ የላይኛው ከንፈር መሳሳት። ግን ኤፍኤኤስዲ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ እነዚህ ምልክቶች የሏቸውም። ከንፈርና መልክ ከሕዝብ ሕዝብ ስለሚለያይ ባለሙያዎች ለጥቁሮች የተዘጋጀ ሌላ የመለኪያ ሥዕል ይጠቀማሉ። የእኛ ሥራ መለካት አይደለም። የልጁን አዋዋል አይቶ መመዝገብና መላክ ነው።

ምን እንይ? ሕፃኑ ጡት ለመሳብ ይደክመዋል፤ እንቅልፉ ይቆራረጣል፤ በትንሽ ድምፅ ይደነግጣል። ከፍ ሲል ትናንት የተማረውን ዛሬ ይረሳል፤ ነገ ደግሞ ያስታውሰዋል። መምህራንን የሚያናድደው ይህ ነው፤ "ሲፈልግ ይችላል" ያስብላል። አፉ ይፈታል፤ ሲናገር ብልህ ይመስላል፤ የሚነገረውን ግን ግማሹን አልተረዳውም። ሰዓትና ገንዘብ አይገቡትም። ትናንት ያስቀጣውን ጥፋት ዛሬም ይደግመዋል። ከማያውቀው ሰው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ይሄዳል። የሸሚዝ ስፌት ወይም የገበያ ጫጫታ ያስለቅሰዋል። ዕድሜው 12 ሆኖ ጠባዩ የ6 ዓመት ልጅ ሊመስል ይችላል። ከእሱ የምትጠብቁትን ነገር በዕድሜው ሳይሆን በጠባዩ ልክ አድርጉት።

እነዚህ ነገሮች በሌላም ምክንያት ይመጣሉ። በምግብ እጥረት፣ በአዮዲን ማነስ፣ በወሊድ ጊዜ በመታፈን፣ ጆሮ ባለመስማት፣ ሳይጥል ዓይን በማፍዘዝ ብቻ በሚያልፍ የሚጥል በሽታ። ሁለት ሦስቱ አብረው ሊኖሩም ይችላሉ። ስለዚህ ጆሮውና ዓይኑ ይመርመር፤ ክብደቱ፣ ቁመቱ፣ የራሱ ዙሪያ ይለካ። ከዚያ ወደ ሕፃናት ሐኪም። የእናቲቱ የመጠጥ ታሪክ፣ ከተገኘ፣ በሪፈሩ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ የፊት ምልክት ለሌለው ልጅ ያለ እሱ ምርመራው አይሟላም። ወረቀቱ ግን በፖስታ ታሽጎ ይሂድ።

የምርመራ ውጤት እስኪመጣ አትጠብቁ። ቀጥሎ ያለው ድጋፍ ችግሩ ሌላ ሆኖ ቢገኝም ልጁን አይጎዳውም።

ደረጃ 5፦ ለቤተሰቡ መንገር

በአንድ ቀን ሁሉንም አትንገሩ። መጀመሪያ ልጁ የሚችለውን ተናገሩ። ብዙዎቹ ተግባቢ ናቸው፤ እንስሳ ይወዳሉ፤ በእጃቸው መሥራት ይችላሉ፤ ለታናናሾቻቸው ይራራሉ። ቀጥሎ የሚከብደውን። ምክንያቱ የመጨረሻው ነው፤ እሱም እናቲቱ ብቻዋን ባለችበት።

"የልጁ አእምሮ ገና በማኅፀን እያለ ተጎድቷል። በዚያን ጊዜ የነበረው መጠጥ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ይህን ያደረግሽው ልጅሽን ለመጉዳት ብለሽ አይደለም፤ የነገረሽም ሰው አልነበረም። አሁን ምክንያቱን ካወቅን እንዴት እንደምንረዳው እናውቃለን።"

ታለቅስ ይሆናል። አብራችኋት ተቀመጡ፤ ንግግር አታብዙ። ለባል፣ ለአማት፣ ለጎረቤት ምን እንደሚነገር እሷ ትወስን። "ሲወለድ ጀምሮ አእምሮው ላይ ጉዳት አለ" ማለት በቂ ነው፤ ውሸትም የለበትም። ቤተሰቡ ልጁን ጠበል ሊወስደው ከፈለገ አትከራከሩ፤ የሐኪሙን ቀጠሮና የሚወስደውን መድኃኒት ግን አያቋርጡበት።

ልጁን የምታሳድገው አያት ወይም የጉዲፈቻ ቤተሰብ ከሆነ የወለደችውን እናት በልጁ ፊት እንዳይኮንኗት ጠይቁ። ልጅ ስለ እናቱ የሰማውን ስለ ራሱ እንደተባለ ይወስደዋል።

ደረጃ 6፦ ቤት ውስጥ የሚሠራው

ለቤተሰቡ ደጋግማችሁ የምትነግሩት አንድ ነገር ይኑር። ልጁ እምቢ አላለም፤ አልቻለም። ይህ ከገባቸው ሌላው ሁሉ ይቀላል። ካልገባቸው የምትሰጡት ዘዴ ሁሉ ለአንድ ሳምንት ተሞክሮ ይተዋል።

ከንግግር ጀምሩ። "ሂድ በጎቹን አስገባ፣ ከዚያ እጅህን ታጠብና ደብተርህን ይዘህ ና" ሲባል ልጁ የሚይዘው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ያለ ደብተር ከመጣ ደግሞ እሱንም ረስቶታል። አንድ ትእዛዝ ብቻ። "በጎቹን አስገባ።" ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ፤ ቃሉ ወደ አእምሮው እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ሲጨርስ ቀጣዩን። ገብቶት እንደሆነ "ገባህ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሌም "አዎ" ነው መልሱ። "እስኪ አሳየኝ" በሉት።

የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ቃል ይጠቀም። እናት "ታጠብ" እያለች አያት "ንጹሕ ሁን" ቢሉ ለእሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የአማርኛ ተግሣጻችን ራሱ ያስቸግረዋል። ብርጭቆ ሰብሮ "ጎሽ! ድገመው!" ቢባል ሊደግመው ይችላል። "ዋ! አሳይሃለሁ" ምን እንደሚያሳዩት አያውቅም። ተረትና ምሳሌ፣ ቅኔ ለበስ ንግግር፣ ሽሙጥ ለእሱ አይሠራም። የምትፈልጉትን በቀጥታ ተናገሩ። "አትሩጥ" ከማለት "ቀስ ብለህ ሂድ" ይሻላል።

ቀኑ በየቀኑ አንድ ዓይነት ይሁን። መነሳት፣ መታጠብ፣ ቁርስ፣ ትምህርት ቤት፤ ቅደም ተከተሉ አይቀየር። በሥዕል ግድግዳ ላይ ብትለጥፉለት ጥሩ ነው፤ ሥዕሉን ታላቅ እህቱ በእርሳስ ብትሥለው ይበቃል። ሰዓትን የሚታይ አድርጉት። "ከአንድ ሰዓት በኋላ" አይገባውም፤ "ጥላው እዚህ ድንጋይ ጋ ሲደርስ" ወይም "ቡናው ሦስተኛው ሲጠጣ" ይገባዋል። በዓል፣ እንግዳ፣ ጉዞ ሲኖር ከዋዜማው ጀምሮ ደጋግማችሁ ንገሩት።

ሱቅ ስትልኩት ልክ የሆነ ብር ስጡት፤ መልስ የሚያስፈልገው አይሁን። የሚገዛውን በወረቀት ጽፋችሁ አስይዙት፤ ለባለሱቁም አስቀድማችሁ ንገሩ። ጎረቤትን እንዲህ አጋር ማድረግ ይቻላል።

ስለ ዱላ በግልጽ ልናገር። ዱላ ይህን ልጅ አያስተምረውም። ለመማር ትናንት ያደረገውንና ዛሬ የደረሰበትን ማገናኘት አለበት፤ የተጎዳው ደግሞ ይሄው ችሎታው ነው። የሚቀርለት ፍርሃት ብቻ ነው። ጥፋት ሲያጠፋ ወዲያው፣ በአጭሩ፣ ከጥፋቱ ጋር የተያያዘ ነገር ይደረግ። ውሃ ካፈሰሰ አብሮ ይጥረግ። ያኔ አለቀ፤ ማታ አባት ሲመጣ እንደገና አይነሳ።

"ለምን አደረግኸው?" የሚለው ጥያቄ ወደ ውሸት ይመራዋል። አእምሮው የጎደለውን ትዝታ በፈጠራ ይሞላዋል፤ ራሱም ያምነዋል። "ምን ሆነ? አሳየኝ" በሉት። የሰው ዕቃ ሲያነሳም "ሌባ" ከማለታችሁ በፊት የእኔና የአንተ የሚባል ነገር ገብቶት እንደሆነ አስቡ። የእሱን ዕቃ ሁሉ በአንድ ቀለም ክር ማሰር ብዙ ጠብ ያስቀራል።

በአንድ ቦታ የተማረው በሌላው አይሠራም። በቤቱ ምድጃ አጠገብ መጠንቀቅን ቢያውቅ፣ የአያቱ ቤት ምድጃ ለእሱ አዲስ ነገር ነው። ስለዚህ እሳት፣ ወንዝ፣ ጉድጓድና መንገድ ባለበት ሁልጊዜ ሰው አብሮት ይሁን። የዕድሜ እኩዮቹ ብቻቸውን መሄዳቸው እሱን ብቻውን ለመላክ ምክንያት አይሆንም።

ሲያብድበት፣ ሲጮህና ሲወራጭ፣ ምክር አይሰማም። ድምፅ ቀንሱ፤ ሰው ይውጣ፤ ጸጥ ያለ ጥግ ይሁንለት። ትምህርቱ ሲረጋጋ ይደርሳል።

እናቲቱም ታርፋለች። በሳምንት አንድ ከሰዓት ልጁን የሚይዝላት እህት፣ ጎረቤት ወይም የዕድር ሰው አብራችሁ ፈልጉ። ይህን እንደ ትርፍ ነገር አትዩት፤ የደከመች እናት ወደ መጠጡ ልትመለስ ትችላለች።

ደረጃ 7፦ ትምህርት ቤት

ክፍሉ 60 ተማሪ ይዞ መምህሩን "ለአንዱ ብቻ ልዩ አድርግለት" ማለት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጥቂት ነገር ጠይቁ። ፊት ለፊት፣ ከመስኮትና ከበር ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ትእዛዝ ሲሰጥ ስሙ ተጠርቶ ይሁን። አሥር ጥያቄ ከሆነ አምስቱን ይሥራ። የጻፈውን ብቻ ሳይሆን በቃሉ የሚመልሰውም ይቆጠርለት። እረፍቱ እንደ ቅጣት አይከልከል፤ ሰውነቱን ካላንቀሳቀሰ ከእረፍት በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ ለሁሉም ይከብዳል። በእረፍት ሰዓት ግን የሚያየው ሰው ይኑር፤ ጠብም ተንኮልም የሚያገኘው ያኔ ነው። የልዩ ፍላጎት መምህር ካለ እሱን ቀድማችሁ አግኙት።

ደረጃ 8፦ ወጣቱና አዋቂው

ኤፍኤኤስዲ ያለበት ልጅ ያድጋል፤ ችግሩም አብሮት ያድጋል። አዋቂ ደንበኛ ቀጠሮ ሲቀር "ንቆኝ ነው" አትበሉ። ቀጠሮው ሁልጊዜ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ክፍል ይሁን። ጠዋት ደውሉለት። ውይይቱ አጭር ይሁን፤ የተስማማችሁበት በወረቀት ተጽፎ ይያዝ።

ወጣቶቹ ሰው ያምናሉ። ጓደኛ ለማግኘት ሲሉ የታዘዙትን ያደርጋሉ፤ ሌላው ሰርቆ ዕቃውን የሚያስይዘው ለእነሱ ነው። ለወሲብ ጥቃትም የተጋለጡ ናቸው። ሰውነትን ስለ መጠበቅ በግልጽ ቃል፣ ደጋግማችሁ አስተምሯቸው። ፖሊስ ጣቢያ ከደረሱ የሚያውቃቸው አዋቂ ሰው አብሯቸው ይሁን። "አንተ ነህ አይደል ያደረግኸው?" ሲባሉ ሰውየውን ለማስደሰት ብቻ "አዎ" ሊሉ ይችላሉ። መርማሪውን በትሕትና "እባክዎ፣ ጥያቄው ክፍት ይሁንለት፤ ምን ሆነ ብለው ይጠይቁት" በሉት። ለወጣቶች መጠጥ በጣም አደገኛ ነው፤ በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላሉ አልኮል መሸጥን እንደሚከለክል ለቤተሰብም ለአካባቢው ጠላ ቤትም አስታውሱ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ፊታችሁ የተቀመጠችው እናት ራሷ ኤፍኤኤስዲ ሊኖርባት ይችላል። የነገራችኋት ምክር በሳምንቱ ጠፍቶ ከሆነ፣ ቀጠሮ የምትቀላቅል ከሆነ፣ ለልጇ የምታደርጉትን ሁሉ ለእሷም አድርጉላት። አንድ ነገር በአንድ ጊዜ፣ በሥዕል፣ በድግግሞሽ።

በውጭ አገር ለምትሠሩ

አሜሪካ ያሉ ሐበሻ ቤተሰቦችን የምትረዱ ከሆነ ልጁ 3 ዓመት ካልሞላው ለሕፃናት ቅድመ ድጋፍ ፕሮግራም ይመዝገብ። ከዚያ በላይ ከሆነ ወላጆች ለትምህርት ቤቱ የልዩ ትምህርት ግምገማ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ቅጂውን ያስቀሩ። አስተርጓሚ ይጠየቅ፤ ልጁ ወይም ታላቅ ወንድሙ በእንዲህ ያለ ጉዳይ አያስተርጉሙ። ሠራተኛ የሰማውን ለመንግሥት እንዲያሳውቅ የሚያስገድደው የሪፖርት ግዴታ ሕግ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ስለዚህ እናቲቱን ስለ መጠጥ ከመጠየቃችሁ በፊት የትኛውን ነገር በምስጢር መያዝ እንደማትችሉ ንገሯት። አምናችሁ ከነገረቻችሁ በኋላ ብትሰማው ዳግም ለማንም አትናገርም።

ደረጃ 9፦ መዝገቡና ባልደረቦች

በትንሽ ቀበሌ ምስጢር በአንድ ቡና ላይ ይወጣል። የእናቲቱ የመጠጥ ታሪክ በግድግዳ ሠንጠረዥ፣ በቴሌግራም ቡድን፣ በስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ አይታይ። ባልደረባ "የጠጪዋ ልጅ" ሲል ከሰማችሁ እዚያው አርሙት። ኃላፊዎች ለሠራተኞቻችሁ በወር አንድ ጊዜ ከባድ ጉዳዮችን የሚወያዩበት ሰዓት ስጧቸው፤ ይህ ሥራ ሰው ያደክማል። ሰፊ ትምህርት ለመስጠት ቀን ከፈለጋችሁ ዓለም አቀፉ የኤፍኤኤስዲ ቀን በሴፕቴምበር 9 ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 4። ለእንቁጣጣሽ ጠላ በሚጠመቅበት ሰሞን ስለሚውል ለውይይት የተመቸ ነው።

በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ አዘጋጁ። የሚወደው ምንድን ነው? የሚያስደነግጠውስ? እንዴት ሲነገረው ይገባዋል? ሲበሳጭ ምን ያረጋጋዋል? ብቻውን መተው የሌለበት የት ነው? በድንገት ማን ይጠራ? የመጠጡ ታሪክ እዚህ ገጽ ላይ አይጻፍ፤ እሱ በሕክምና ፋይሉ ነው። ገጹን ቤተሰቡ ያንብበው፤ ማንበብ ካልቻለ ይነበብለት፤ ያልተስማማበት ይሰረዝ። ዋናው በእነሱ እጅ ይሁን። መስከረም ላይ አዲስ መምህር ሲመጣ፣ ወይም እናንተ ሥራ ስትቀይሩ፣ ተተኪው ከዚያ ገጽ ይጀምራል።